በኮላ የተጣበቀች የእሳት እራት

አርዲስ ሃውገን ነገሩን የተናገረችው እንደ ዋዛ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ፣ ቅዳሜ በሚቆረሰው ኬክ ላይ የምትስለውን የእሳት እራት በወረቀት ትለማመዳለች። ባሏ ዴል ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የቀዘቀዘ ቡናውን በማንኪያ ያማስላል። ስኳር አልጨመረበትም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ብዙውን ነገር የሚያደርገው እንዲሁ ነው።

«እኔ እኮ ጠግኛታለሁ» አለች አርዲስ፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

«ማንን?»

«ትንሿን እራት ነዋ፤ የከርቢን። ያኔ ከቀብሩ በኋላ ምድር ቤት ወርጄ ሳጥኖቹን ስከፍት ሆዷ ወልቆ አገኘኋት። እስፒሏ ላይ ክንፏን ዘርግታ፣ ከወገቧ በታች ምንም የላት። አንጀቴን በላችው። በኮላ መለስኩላት።»

የዴል ማንኪያ ቆመ። «ሆዷን ከየት አገኘሽው?»

«ከየት አገኛለሁ? እዚያው ሳጥኑ ጥግ ላይ ወድቆ ነዋ። ሁለት ነበሩ፤ ደህናውን መርጬ ለጠፍኩላት።» አሁን ቀና አለች። «ምነው? አበላሸሁ እንዴ?»

«አይ» አለ ዴል። «ደግ አደረግሽ።»

እሷም ወደ ስዕሏ ተመለሰች። ዴል ማንኪያውን አንስቶ ማማሰሉን ቀጠለ። ሁለት ነበሩ ያለችው ግን ጆሮው ውስጥ ቀረ።

የእሳት እራት የሚሰበስቡ ሰዎች፣ ክፉ ስም ለመስጠት ሳይሆን፣ ለየት ያሉ ፍጥረቶች ናቸው። የጣት ጥፍር የማታህል እራት ይይዙና ክንፏን አያምኑም። ክንፍ ያታልላል፤ ዱቄቱ ይረግፋል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አምስት ዓይነት እራት አንድ ዓይነት ልብስ ለብሳ ትመጣለች። እውነቱ ያለው ሆዷ ጫፍ ላይ፣ መራቢያ አካሏ ውስጥ ነው። እሱ እንደ በር ቁልፍ ለየዝርያው የተለያየ ነው። ስለዚህ ሆዷን ይቆርጡና ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ቀቅለው፣ አጥበው፣ መስታወት ላይ አስተኝተው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ይህን ሥራ ቅዳሜና እሑዳቸውን ሰጥተው በደስታ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ሚስቶቻቸውም ለምደውታል። የደረቀች እራት ሆድ ደግሞ በትንሽ ነገር ይወልቃል፤ ሳጥኑ ሲነቃነቅ፣ በሩ ሲላተም። ሲወልቅ በኮላ ይመልሱታል፤ ነውር የለውም። ነውሩ የሌላዋን ሆድ መለጠፍ ነው።

ከርቢ የዴልና የአርዲስ አንድ ልጅ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ክረምት ለካውንቲው አስተዳደር በረዶ ጠራጊ መኪና ይነዳል፣ በጋ የመንገድ ዳር ሣር ያጭዳል፤ በተረፈው ጊዜው እራት ይሰበስባል። እራቱን ያስተማረው አባቱ አልነበረም። አባቱ ነው ከልጁ የተማረው፤ ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮት፣ አባትየው የጥርስ ሐኪም ስለሆነ እጁ ለጥቃቅን ነገር ይመቻል ተብሎ ተጠርቶ ገባበት። ምድር ቤቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስንቱን እራት ቆርጠዋል። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ፣ የረጋው ሐይቅ ገና ሰው ይችላል ሲባል፣ ከርቢ በረዶ ላይ በሚነዳው ሞተሩ ሊሻገር ገብቶ በረዶው ከሥሩ ተሰበረ።

ዴል አላለቀሰም። የከተማው ሰው «ዶክተር ብርቱ ነው» አለ። ብርታት አልነበረም። እሱ ራሱ ለሠላሳ ዓመት በሰው ድድ ላይ የወጋውን ማደንዘዣ አንድ ሰው ደረቱ ላይ የወጋው ነው የሚመስለው። ክሊኒኩን ሸጠ። ሣሩን አጨደ፣ ቅጠሉን ጠረገ፣ በረዶውን ዛቀ። ሰው ሲያናግረው ይመልሳል፣ ሲጋብዙት ይበላል፤ ምን እንደበላ ብትጠይቀው አያውቅም።

አርዲስ ግን ተኛች። በጋውን ሙሉ ተኛች፣ መኸሩንም ተኛች። እህቷ ከሌላ ከተማ እየመጣች ጸጉሯን ታጥብላት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ምግብ በትሪ እየሠሩ በር ላይ እያስቀመጡ ይሄዳሉ። የሰፈሩ ሰው ከልጁ ቀጥሎ እናትየውን ሊቀብር መዘጋጀቱን በግልጽ አይናገርም እንጂ ሁሉም ልቡ ያውቀው ነበር።

ያስነሣቻት ዊኒፍሬድ ቶልዝማን ናት። ዊኒፍሬድ ወደ ሰማንያው የምትጠጋ፣ ከዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ጡረታ የወጣች፣ ግን በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው የማትጠፋ ሴት ናት። የከርቢን ሳጥኖች መጥታ ወስዳ ነበር። ከገና በፊት ደወለች። ከሳጥኑ አንዳንዷን እያነሣች ስትመረምር፣ ክንፏ የተጋጠ፣ ከርቢ እስፒሏ ላይ በሰካው ወረቀት ተራ የሣር እራት ብሎ የጻፈባት አንዲት እራት አገኘች። ሆዷን ቆርጣ ብታይ ቁልፉ ከማንኛዋም የሣር እራት ቁልፍ አይገጥምም። አዲስ ዝርያ ናት። በእሱ ስም ትጠራለች።

አርዲስ ያን ዕለት ተነሥታ ገላዋን ታጠበች። በማግስቱ እንቁላል ጠበሰች። የልጇ ስም ያለበትን የላቲን ስም አፏ እስኪለምደው ስትደጋግም ሰነበተች፤ ለፖስተኛው ነገረችው፣ ለፓስተሩ ነገረችው፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ለማታውቃት ሴት ነገረቻት። አሁን ሰኔ ነው። ቅዳሜ የእራት ሰብሳቢዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባውን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ያደርጋል፣ ዊኒፍሬድ ጽሑፏን ታነባለች፣ ኬክ ይቆረሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፉ ይታተማል። ከዚያ በኋላ ስሙ ዓለም እስካለ ይኖራል። አርዲስ በእግሯ የቆመችው በዚህ ላይ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም።

«ሁለተኛውስ?» አለ ዴል ቡናውን ወደ ማጠቢያው እየደፋ።

«የቱ ሁለተኛ?»

«ሁለተኛው ሆድ። ጣልሽው?»

«የእሱን ነገር እጥላለሁ?» አለች እንደመቆጣት ብላ። «የመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ ነው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ምን ሊሠራልህ ነው?»

«ላየው ነው።»

«እየው እንግዲህ። ደስ ይበልህ።»

ዴል ብልቃጡን ይዞ ምድር ቤት ወረደ። ሆዱ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ፣ የገረጣ ነገር ነው። በወረንጦ አንሥቶ ኮስቲክ ሶዳው ውስጥ ከተተው፣ መብራቱ ላይ አሞቀው፣ ጠበቀ። ሲለሰልስ በቀጭን ብሩሽ ዱቄቱን ጠረገለት፣ ቆዳውን ከፈተው፣ ከውስጡ ያለውን አውጥቶ ማይክሮስኮፑ ሥር አስተኛው።

ማጣራት አላስፈለገውም። ይቺ ተራዋ የሣር እራት ናት። ከርቢ ልጅ ሳለ ሁለቱም መቁረጥ የተማሩት በእሷ ነበር፤ ስለምትበዛ ብትበላሽም አታሳዝንም። የመራቢያ አካሏ አንዱ ክንድ ከሌላው ያጠረ፣ ጫፉ ላይ እሾህ የቆመበት። ዴል ዓይኑን ጨፍኖ ሊስላት ይችላል።

የዊኒፍሬድን ጽሑፍ ረቂቅ አወጣ። ከፖስታ ቤት ከተቀበለው ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አርዲስ እንዳይቀደድባት ብላ ላስቲክ አልብሳዋለች። መስታወቱ ላይ ያለውን ሆድ ፎቶ ዓይኑን አጥብቦ አየው። መጀመሪያ ሲያየው ዊኒፍሬድ ያለችውን ብቻ ነበር ያየው። አሁን ከየት እንደመጣ ትዝ አለው። ከርቢ በምዕራብ ካለችው ከሞንታና ሰው ጋር በፖስታ እራት ይለዋወጥ ነበር። አንድ ቀን ሣጥን ደርሶት ከፍቶ፣ ማዕድ ላይ እየሳቀ «አባዬ፣ ያ ሰውዬ ክንፍ ልኮልኝ ሆዱን መንገድ ላይ አራግፎታል» ብሎ ነበር። የወለቀውን ሆድ ሣጥኑ ጥግ አስቀመጠው፤ በኋላ እለጥፈዋለሁ ብሎ። በኋላ የሚባለው ጊዜ አልመጣም። ከዚያ የሣሯ እራትም ሆዷ ወለቀ፣ ሁለቱ ጥግ ላይ ተገናኙ፣ እናቲቱ ወረደችና ደህናውን መረጠች። ዊኒፍሬድ ደግሞ የሣር እራት ክንፍ እያየች፣ ከደረቁ ምዕራብ አገር የመጣ የሌላ ወገን ሆድ ይሆናል ብላ እንዴት ታስብ? የሚታወቅ ክንፍና የሚታወቅ ሆድ ነው። አዲሱ ነገር ኮላው ብቻ ነው።

ዴል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብሎ ጠበቀ፤ አልተሰማውም። ረቂቁን አገላብጦ ቀድሞ አንብቦት ያለፈውን አንድ ዐረፍተ ነገር እንደገና አነበበው። «ሰብሳቢው ናሙናዋን ከተራዋ የሣር እራት ጋር አምታትቷት ነበር» ይላል።

ያን ጊዜ ከላይ የወጥ ቤቱ በር ተበርግዶ ተከፈተ፤ ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው አንድ ብቻ ነው።

«ዶክተር! አለህ?»

ጎርዲ ፖልስሩድ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ኑሮው የጋዝ ሲሊንደር ማደል ሲሆን፣ ራሱም ሲሊንደር ያህላል። ዴል ደረጃውን ሲወጣ ጎርዲ ሰፊ ጨርቅ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዘርግቶ ጨርሷል። በሰማያዊ ፊደል «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የከርቢ እራት» ይላል።

«ምነው ፊትህ?» አለው ጎርዲ። «የራስህን ጥርስ ስትነቅል ዋልክ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና ነኝ ይላል ይኼ! አርዲስ፣ ይህን ሰውዬ ምን እያበላሽው ነው?» አላት፤ መልስ ሳይጠብቅ ወደ ጨርቁ ዞረ። «ስሙኝማ፣ አታሚው ልጅ መጀመሪያ ቢራቢሮ ስሎ ሰጠኝ። አንተ ልጅ፣ ይቺ ቢራቢሮ ናት፣ እኛ የምንፈልገው እራት ነው አልኩት። ልዩነታቸው ምንድን ነው አለኝ። ሱቁ መሃል ቆሜ ግማሽ ሰዓት አስተማርኩት። አንቴናዋን ነገርኩት፣ አቀማመጧን ነገርኩት፣ አሥሬ ራሱን ነቀነቀ። ጨርሼ ላብ ስጠርግ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ዋጋቸው ያው ነው!»

አርዲስ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ ሳቀች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ዴል በሩ ጋ ቆሞ አያት። ይህን ሳቅ ከሰማ ዘመን ሆኖታል።

«የምግቡን ነገር ደግሞ አደራሽን» ቀጠለ ጎርዲ፣ መሳቋ ልብ ልብ ሰጥቶት። «አምና ሁሉም ሰው ድንችና ሥጋ በክሬም ጋግሮ መጣ። ሰላጣ፣ ሰላጣ ብዬ ብለምን ያመጡልኝ ጄሎ፣ ያ የሚርገበገብ ጣፋጭ ነው! ውስጡ ካሮት ተፍቆበታልና ሰላጣ ነው ይሉኛል።»

«ሰላጣ እኮ ነው» አለች አርዲስ።

«አንቺም ከነሱ ወገን ነሽ? በቃ አለቀልኝ!» ጨርቁን እየጠቀለለ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እሱም ዝቅ ማድረግ ያውቃል። «ልጁ በእኛ ኮርቷል፣ አርዲስ። የትም ቢሆን በእኛ ኮርቷል።»

«አውቃለሁ» አለች።

ጎርዲ ሲወጣ የዴልን ትከሻ መታ አደረገው። ዴል በሩን ዘጋ። ያን ምሽት አርዲስ የሠራችውን ኑድል በላ፤ ኑድል መሆኑን ያወቀው ሳህኑን ሲያጥብ ነው።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም ማለት ከሚችላቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጥበት ነው፤ ዓመት ሙሉ ሠርቶበታል። የብልቃጡን ሆድ ማይክሮስኮፕ ሥር ያየው እሱ ብቻ ነው፤ ማጠቢያ ላይ ቢደፋው አለቀ። ዊኒፍሬድ ጽሑፏን ታነባለች፣ ኬኩ ይቆረሳል፣ ሚስቱ እንደቆመች ትኖራለች። ይህን ሁሉ አሰበው፤ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ግን ከወዲያ በኩል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። አምታትቷት ነበር። ልጁ አላምታታም። ክንፏ የተጋጠች እራት አይቶ፣ ሆዷን ሳይቆርጥ፣ በትክክል አውቋት ነበር። እነሱ ግን ስሙን ሊያከብሩ ብለው ልጁን ተሳሳተ ሊሉት ነው። ዴል በዚህ ተናደደ ማለት አይቻልም። ግን አልዋጥ አለው፤ ውሃ ቢጠጣበትም አልወርድ አለው።

ዓርብ ጠዋት አርዲስ ሳሎን ውስጥ የጠረጴዛ ልብስ ትተኩሳለች። ዴል መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«አርዲስ፣ ያቺ እራት አዲስ አይደለችም።»

ካውያው መንገዱን ቀጠለ። «ምን ማለት ነው አዲስ አይደለችም?»

«ሆዱ የሌላ ነው። የሞንታናዋ ነው። የእሷው ሆድ አንቺ ብልቃጥ ውስጥ ያስቀመጥሽው ነበር።»

ካውያውን አቆመችው። ልብሱ እንዳይቃጠል አነሣችው፣ በመቆሚያው ላይ አስደገፈችው፣ ሶኬቱንም ነቀለች። ሁሉንም በሥርዓት አደረገችው።

«የእኔ ኮላ ነው እንግዲህ» አለች።

«አዎ።»

«ማን ያውቃል?»

«አንቺና እኔ።»

«ዊኒፍሬድስ?»

«አታውቅም።»

«ብንተወው ምን ይሆናል?»

«ምንም። ምናልባት ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው መሳቢያውን ከፍቶ ይደርስበታል።»

«ከሃምሳ ዓመት በኋላ እኛ አለን?»

«የለንም።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «አንተ ሰው! ዓመት ሙሉ አፍህን ዘግተህ ኖርክ። ስለልጅህ አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ሳታወጣ! አጠገቤ ተኝተህ ግድግዳ ስታይ ታድራለህ፤ ደህና ነህ ወይ ስልህ ደህና ነኝ ትላለህ። ልትናገር ስትነሣ ይሄን መረጥክ?»

«ልጁ ትክክል ነበር» አለ ዴል።

«ምን?»

«ከርቢ። የሣር እራት ናት ብሎ ጽፎባታል፤ የሣር እራት ናት። ዊኒፍሬድ ግን አምታትቷት ነበር ብላ ጽፋለች። ታትሞ የሚቀረው እሱ ነው። በስሙ እንጠራታለን፣ ግን ተሳስቷል እያልን ነው።» የተናገረው ዓመቱን ሙሉ ከተናገረው ሁሉ ይበልጥ ነበር። «እሱ አልተሳሳተም፣ አርዲስ።»

አርዲስ የጠረጴዛውን ልብስ አጠፈችው። እንደገና ዘርግታ አጠፈችው። ዴል አሁን ደረጃውን ወጥታ መኝታ ቤት ትገባለች ብሎ ጠበቀ። በሩ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ገና ከመሰማቱ በፊት ያውቀዋል።

«ስልኩን አምጣልኝ» አለች።

«እኔ ልንገራት።»

«የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አምጣልኝ።»

ዊኒፍሬድ እንደ ልማዷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው። አርዲስ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን ደግሞ ጭኗ ላይ። ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳጥኑን፣ ጥጉን፣ ሁለቱን ሆድ፣ ኮላውን። ዴል የብልቃጡን ነገር ጨመረ። ከወዲያ በኩል የሙዚየሙ የአየር ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ይሰማል።

«አርዲስ፣ ልጄ» አለች ዊኒፍሬድ በመጨረሻ። «ያኔ ሐዘን ላይ ነበርሽ። ሰው በሐዘን ጊዜ ያላደረገውን አደረግሁ ይላል፤ እኔም ባሌ ሲሞት እንዲያ ሆኜ ነበር። ምናልባት የጠገንሻት ሌላ እራት ትሆናለች። ምናልባት አንድም አልነካሽም።» ትንሽ ቆማ ጨመረች። «እርግጠኛ ካልሆንሽ እኔ አላስጨንቅሽም።»

አርዲስና ዴል ተያዩ። የማምለጫው በር ተከፍቶላቸዋል። ለአሮጊቷም የመጨረሻ ጽሑፏ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሌላ እንደማትጽፍ ሦስቱም ያውቃሉ።

«የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ነበር የተጠቀምኩት» አለች አርዲስ። «ጫፉን በምላሴ አረጠብኩት። ኮላው ምላሴን ነካኝ፤ ጣዕሙ አሁንም አፌ ውስጥ አለ። እርግጠኛ ነኝ፣ ዊኒፍሬድ።»

ከዚያ አሮጊቷ ተነፈሰች።

«ስቆርጠው ጠንክሮብኝ ነበር» አለች። «ከወገቧ ላይ ምላጩን ያዝ አደረገው። ገርሞኝ ነበር። ገርሞኝ ሳበቃ አለፍኩት፤ አዲስ እንድትሆን ፈልጌ ነበራ።» ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። «አሁኑኑ ደውዬ ጽሑፉን አስቀራለሁ። ለጎርዲም እኔ እነግረዋለሁ።»

«የከርቢ ወረቀትስ?» አለ ዴል። «እሱ የጻፈው?»

«የት ይሄዳል? እስፒሉ ላይ ነው። ከእስፒል ወረቀት አይነሣም፣ ዶክተር፤ አንተም ታውቃለህ። የእኔ ወረቀት ከሥሩ ነው የገባው።»

«የእርስዎንስ ያነሡታል?»

«የእኔም አይነሣም። ተሳስታለች ይበሉኝ» አለችና ዘጋችው።

አርዲስ ስልኩን ወደ ቦታው መለሰች። ወጥ ቤት ሄዳ ኬኩን የምትጋግርበትን ዱቄት ከመደርደሪያ አወረደች፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ዴል ከኋላዋ ተከትሎ በሩ ጋ ቆሟል። ደረጃውን ያያል። እሷም ወደዚያ ታያለች ብሎ ይሰጋል።

«ምንድን ናት ታዲያ?» አለችው ጀርባዋን እንደሰጠችው። «ምን ትሠራለች? የት ነው የምትኖረው?»

«ሣር ውስጥ ነው።»

«የት ሣር?»

«የትም። የሁሉም ሰው ሣር ውስጥ። የእኛም ጓሮ ውስጥ አለች፤ ሰኔ ጊዜዋ ነው።»

አርዲስ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ በነጠላ ጫማዋ የጓሮውን በር ከፍታ ወጣች።

ዴል ተከተላት። ፀሐዩ ከፍ ብሏል፣ የጎረቤት ውሃ መርጫ ይሰማል። አርዲስ ከሲሚንቶው ወርዳ ሣሩን ስትረግጥ ከእግሯ ሥር ሁለት ሦስት የገረጡ ነገሮች ብድግ አሉ። እንደ ወረቀት ቁራጭ ተወዛውዘው ትንሽ ራቅ ብለው ሣሩ ላይ አረፉና ክንፋቸውን ጠቅልለው ጠፉ። አንድ እርምጃ ጨመረች፤ ደግሞ ተነሡ፤ አሁን ይበዛሉ።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው።»

«እነዚህ? ሁልጊዜ የማያቸው?»

«እነሱ።»

«አምላኬ» አለች፤ በቀስታ ነው ያለችው። «ይህ ሁሉ?»

ሌላ እርምጃ ልትጨምር እግሯን አነሣች፤ አነሣችና ሳታወርደው ቀረች። አንዱ ጫማዋ ከሣሩ በላይ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኗ መሬቱን እየቃኘ፣ የምታሳርፍበት ቦታ አጣች።

«እረግጣቸዋለሁ» አለች።

«ግድ የለሽም፤ ይነሣሉ። እግርሽ ሳይደርስ ይነሣሉ።»

«አንዷ ባትነሣስ?»

ዴል ሊመልስላት አፉን ከፈተ። መልሱ ቀላል ነው፤ ሁሉም ይነሣሉ፣ እንዲያ ነው የተፈጠሩት ሊላት ነበር። ማደንዘዣው የለቀቀው ይመስል ግን ደረቱ ላይ የሆነ ነገር አመመው፤ ከባድ፣ እውነተኛ ሕመም። ሣሩ ላይ ዘጭ አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ያለቀሰው፤ እንደ ልጅ፣ አፍንጫውን ሳይጠርግ። የጎረቤቱ ውሃ መርጫ ተዘጋ፤ ሰውዬው አጥሩ ጋ ቆሞ አይቷል፣ ተመልሶም ገብቷል።

እራቶቹ በዙሪያው ተነሥተው ነበር። አርዲስ እግሯን ቀስ ብላ አወረደች፤ ከዚያ ሌላኛውን። አጠገቡ ስትደርስ እሷም ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከመቀመጧ በፊት ግን በእጇ ቦታውን ጠረገች።